በአባቷ ጥላ የጾመች

መሪጌታ አዛናው ሰዓት ገዝተው አያውቁም። ሲሰጧቸውም አይወዱም። አንድ ጊዜ ከወረታ ገበያ የግድግዳ ሰዓት ገዝቼ ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባሁ፤ በሳምንቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ከአንድ አሮጌ ከበሮ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ብጠይቃቸው፣ ባትሪው ባለቀበት ቀን ቅዳሴ ሊቀር ነው ወይ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ልጃቸው ነኝ፤ አድማሴ እባላለሁ። ግን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ እኔም መሪጌታ ነው የምላቸው። አባባ ብላቸው ሌላ ሰው የጠራሁ ይመስላቸዋል።

የእሳቸው ሰዓት እግራቸው ነው። በጾም ወራት ቅዳሴ መግቢያና መውጫ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ደልደል ያለች አንዲት ቦታ አለቻቸው፤ እዚያ ጫማቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የጥላቸው ራስ ያረፈበትን ሣር በዓይናቸው ይይዙና ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኙ እስከዚያ ድረስ ይቆጥራሉ፤ የወሩ ቁጥር ሲሞላ ደወሉን ይደውላሉ። በመጋቢት ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ታኅሣሥ የራሱ ቁጥር አለው፣ ሰኔም የራሱ፤ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። ይህን የተማሩት በልጅነታቸው ጣራ ገዳም ሥር፣ ቁራሽ እየለመኑ ባሕረ ሐሳብ ሲቆጥሩ ነው። የኔ ሞባይልና የሳቸው እግር ግማሽ ሰዓት ያህል ይለያያሉ። ስህተቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሞባይሉ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። አብሮ መኖር ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ የኛ የፎገራ ሜዳ ሁሉ ውኃ በተኛበት ወቅት፣ ሩዝ ሲያርም የዋለ የአምሳ ዓመት ገበሬ ጾሙ ሳይፈታ ውኃ ጠጣ ተብሎ ተነገራቸው። ሰውየውን ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ አቆሙት። ፀሐይ የማይዋሽ ምስክር ነው ይላሉ፤ በፀሐይ የመጣ ክርክር ከሳቸው ጋር አይሞከርም። እኔ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ማሽን አንቀሳቃሽ ነኝ። ኑሮዬ በመብራት መምጣትና መሄድ፣ ከጎንደር በሚመጣና ወደ ደብረ ታቦር በሚታጠፍ የጭነት መኪና የተሞላ ነው። ለመሪጌታ ይህ ሁሉ ሰዓት አይባልም፤ ጫጫታ ነው።

እኅቴ ሊድያ ከኔ በስምንት ዓመት ታንሳለች። መሪጌታ ከሁለታችን እሷን ይወዱ ነበር፤ ይህን የምለው በቅናት አይደለም፣ አገር ያወቀው ነው። ሴት ልጅ ዲያቆን አትሆንም እንጂ ብትሆን ኖሮ እኔን ማን ያየኝ ነበር። በአሥር ዓመቷ የወሩን የጥላ ቁጥር ሁሉ በቃሏ ታወርድላቸው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። ከዚያ ከይፋግ ሁለት ልጆች ጋር ተስማምታ በመተማ በኩል ወጣች። ሱዳን ሁለት ዓመት ሠራች። ሊቢያ አንድ ዓመት ተኩል ቆየች። የሊቢያውን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ባሕሩን ተሻግራ፣ ከአገር አገር ዞራ፣ በ2016 ኅዳር ላይ ከኖርዌይ፣ እዚያም ከሰሜኑ ጫፍ ደወለችልን። ጥገኝነት ጠይቃ መጠለያ ውስጥ ገብታለች። በኛ በኩል ኢንተርኔት ስለተዘጋ መልኳን ማየት አልቻልንም፤ በተራ ስልክ ድምጿን ብቻ ሰማን።

የመጀመሪያ ወሬዋ ስለ ብርድ ይሆናል ብዬ ነበር። ስለ ፀሐይ ሆነ። እዚህ ፀሐይ አትወጣም አለቻቸው። መሪጌታ ደመና ነው፣ ያልፋል አሏት። ደመና አለመሆኑን፣ እስከ ጥር ድረስ ጭራሽ እንደማትወጣ፣ በኛ ክረምት ደግሞ ጭራሽ እንደማትጠልቅ አስረዳቻቸው። ቀጥሎ ሰዎቹ መቼ እንደሚበሉ በምን ያውቃሉ ብለው ጠየቁ። በሰዓት አለች። ሰዓቱስ በምን ያውቃል አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

በኋላ በኋላ እየደወለች ያለችበትን አገር ትነግረን ነበር። እኛ ምሳ በልተን ከጨረስን በኋላ፣ በስምንት ሰዓት ገደማ፣ እዚያ እኩለ ቀን ይሆናል። ያኔ ሰማዩ እዚህ ወፍ ከመንጫጫቱ በፊት እንደሚሆነው ሰማያዊ ይሆንና ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይጠቁራል። ልጆች በጨለማ ትምህርት ቤት ገብተው በጨለማ ይወጣሉ። ሰው ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ በበረዶ ላይ ይሮጣል፤ የሚያባርረው የለም። እኛ ከብት ስናስገባ እነሱ እራታቸውን በልተው በራቸውን ዘግተዋል። ጎረቤቷ ያለችው ሴትዮ ከውሻዋ ጋር ታወራለች፣ እሷን ግን ደህና አደርሽ አትላትም። እዚህ ሜዳ ላይ ቀንና ሌሊት እንደ ወንድማማች መሬት እኩል የተካፈሉ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ አንዱ ከሌላው የሚወስደው ትንሽ ድንበር ብቻ ነው። እዚያ ግን አንዱ ጠቅልሎ ይወስድና በተራው ሌላው ይወስዳል።

ለናታችን ለእናኑ ያልነገረችውን ለኔ ነገረችኝ። እንቅልፏ ጠፍቷል። መንጋቱን አታውቅም፣ መምሸቱን አታውቅም። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቁርስ በላች፤ ሌላ ቀን ሳትበላ አደረች ወይም ዋለች፣ የትኛው እንደሆነ አልለየችውም። ፈራሁ። ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ላይ አላላክክም።

በማግሥቱ ስትደውል መሪጌታ ስልኩን ወሰዱ። እንዲህ አሏት፤

"ስሚ ልጄ። ስልክሽን በኛ ሰዓት አድርጊው፣ የነሱን ተይው። ፀሐይ የሌለው አገር ሰዓቱን ከየት አምጥቶ ነው? እዚህ ሲደወል እዚያም ተደወለ በዪ። ጥምቀትሽም እዚህ ነው፣ ጥላሽም እዚህ ነው።"

እንዳሏት አደረገች። ስልኳ በራሱ የዚያን አገር ሰዓት እንዳይዝ ዘጋችበትና የኛን ሞላችበት። የነሱን ማወቅ ስትፈልግ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ትቀንሳለች፤ የነሱ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት መጀመሩን ደግሞ ሱዳን ሳለች የለመደችው ነው። የነቢያት ጾም ገባ። በየቀኑ የመሪጌታ ደወል እንደተሰማ እናቴ በዚያች በቁልፍ ስልኳ አንድ ሚስኮል ታደርጋለች። ማንበብ አትችልም፤ የሊድያን ቁጥር ሦስት ላይ መዝግቤ፣ ያችን ቁልፍ ጫን ብላ መያዝ አስተምሬያታለሁ። እዚያ፣ በዓለም ጫፍ፣ የሊድያ ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም ሲል ጾሟን ትፈታለች።

እውነቱን መናገር ካለብኝ ጠቀማት። እንቅልፏ ተመለሰ። ድምጿ የድሮው ሆነ። ዕብደት አፋፍ ላይ ነበርኩ፣ አባቴ መለሱኝ ትለኝ ነበር። መሪጌታም በሰንበቴ፣ ጠላው ሲቀዳ፣ ልጄ በዓለም ዳር ሁና በኔ ጥላ ትፈታለች ማለት አመጡ። ሰው ያደንቃል። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን የቀጠሮ ደብዳቤ ደረሳት። መጋቢት 24 ማክሰኞ፣ በነሱ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ቀርባ ቃሏን ትሰጣለች። አስተርጓሚው ሌላ ከተማ ነው፤ በስልክ ይገባል፣ ለተቆረጠለት ጊዜ ብቻ። በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው ወይ ወረቀት ይሰጣታል፣ ወይ ከአገር ውጪ ትባላለች። ወረቀቱ ምን እንደሆነ እቤታችን ውስጥ ማንም አስረጂ አያስፈልገውም ነበር። ወረቀት ካገኘች በፀሐይ ትሠራለች፣ እንደ ሰው ትኖራለች፣ አንድ ቀን በሌላ አገር በኩል አልፋ እናቷን ታያለች። የእናቴን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነበር፤ ሳልታወር ልያት ነበር ጸሎቷ። ወረቀት ካጣች ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ትደበቃለች። ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም።

በነሱ ዘጠኝ ሰዓት በኛ አምስት ሰዓት ነው። ሁላችንም ቆጠርነው። መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩት፣ እናቴ ሳይገባት በቃሏ ያዘችው።

ቅዳሜ መጋቢት 21 እኔ ማሽን ላይ ሳለሁ ደወለች። ጫጫታ ነበር፤ የሩዝ ገለባ አቧራ አፍና አፍንጫዬን ሞልቶታል፣ ሹፌር ከውጭ ጡሩምባውን ያስጮኻል። ቀኑ እንደ ጉድ እየረዘመ ግራ አጋብቷት ኖሯል፤ ልዩነቱ አሁንም ሁለት ሰዓት ነው አይደል ብላ ጠየቀችኝ።

"ምነው፣ አገሩ ተነሥቶ ሄደ እንዴ?" አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ደገመው፣ ስልኩን ዘጋሁት። ያኔ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ብጠይቅ ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ቀርቼ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ያችን ደልዳላ ቦታ ይዘው ቆመዋል። ጥላቸውን አልለኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክህን አምጣ አሉኝ፤ ለዛሬ በዚህ ይሁን፣ እሷ የያዘችው ይህንኑ ነው አሉ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ነገርኳቸው። ባዶ እግራቸውን ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸሎታቸውን ጀመሩ። ፀሐዩ ከበድ ብሎ ነበር። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ድረስ ካሉበት አልተነቃነቁም፤ ሲጨርሱ ትከሻዬን ተደግፈው ጫማቸውን አጠለቁ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ጸሎቱ ተሰማ አሉኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሊድያ ደወለች።

ከሷ የሰማነው ይህ ነው። በነሱ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ መንግሥት አዝዞ ሰዓት ይንቀሳቀሳል። እሑድ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተውታል። በኛና በነሱ መካከል የነበረው ሁለት ሰዓት አንድ ሆኗል። እሑዱ ደግሞ በነሱ አቆጣጠር ፋሲካ ነበር፤ ከሐሙስ ጀምሮ ቢሮ ሁሉ ተዘግቶ፣ የመጠለያው ሠራተኞች ወደየቤተሰባቸው ሄደው፣ ከተማው ጭር ብሎ ነበር የከረመ። እኛ ጾም ላይ ነን፣ እሷም ከኛ ጋር ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ስትሰግድ ሰነበተች። ኮሪደሩ ላይ በነሱ ቋንቋ የተለጠፈ ወረቀት አይታለች፤ ስለ ምግብ ቤቱ መስሏት አልፋዋለች። የሌሎቹ ሁሉ ስልክ ሌሊት በራሱ ተቀይሯል። የሷ ግን የፎገራን ሰዓት ይዞ ተቀመጠ። ማክሰኞ ከቀጠሮዋ ሩብ ሰዓት ቀድማ በሩ ላይ ደረሰች። ቀድሜ ደረስኩ ብላ አማተበች። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሴትዮ በጣቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየቻት። ዘጠኝ ካለፈ ሦስት ሩብ ሆኗል። አስተርጓሚው ጠብቆ ጠብቆ ስልኩን ዘግቷል። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ውኃ ቀዳችላት። ፋይሉ ላይ ግን በቀጠሮዋ አልተገኘችም ተብሎ ተጻፈ።

መሪጌታ ድምፁን ከፍ አድርጌ የያዝኩትን ስልክ ከእጄ ወሰዱ። ያሉትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ልለውጠው መብት የለኝም።

"ሊድያ። ሰዓት በሬ አይደለም በሌሊት የሚነዳ። ፀሐይን ያዘዛት ሰው የለም። ተኝተሽ ነው ያረፈድሽ።"

"አልተኛሁም አባቴ። ቁሜ ነው ያደርኩ።"

"በዐቢይ ጾም በዚያ ላይ ውሸት ትጨምሪ? አባትሽን አትዋሺ።"

ሊድያ ስልኩን ዘጋችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። መሪጌታ ስልኩን መለሱልኝና ወደ ቅዳሴ ገቡ። ያን ቀን ሰባት ጫማ ቆጥረው በሰዓቱ ደወሉ፤ እናቴም በሰዓቱ ሚስኮል አደረገች።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። እኔም በልቤ ሰዓት እንዴት ይንቀሳቀሳል እያልኩ ነበር። በዚያ ላይ የቅዳሜው ሳቄ ትዝ ብሎኛል፤ ተኝታ ነው ያረፈደችው ቢባል ለኔም ይቀለኛል። ለመሪጌታም የቀለላቸው ለዚህ ይመስለኛል። እሷ እውነት ከተናገረች ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንኳን በልጃቸው፣ በአገሩ ሁሉ ፊት ሰዓት ተሳስተው አያውቁም።

እናቴ እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ ሦስት ቁጥርን መጫኗን አላቋረጠችም። ሚስኮል መልስ የለውም፤ ጠርቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ልጇ ደህና መሰለቻት። በነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ የጀመረችውን ልትቀጥል ብትደውል ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም አላት። ሴትዮዋ ምን እያለችኝ ነው ብላ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው።

በዚያው ሰሞን ሊድያ በሌላ ቁጥር ለኔ ብቻ ደወለች። ውሳኔው መጥቷል፤ አልተቀበሏትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያም ወረቀት አልተገኘችም የሚለውን እንደያዘ ቀረ። አስረድታ ነበር፣ ሰው አግኝታ አጽፋም ነበር፣ የሚሰማ ግን አልተገኘም። ከመጠለያው ወጥታ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች። አንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፤ ስሟን የሚያውቅ የለም፣ ባያውቅ ይሻላታል። ቁጥሩን ለአባቴ እንዳትሰጥ አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሩዙ መታጨድ ሲጀምር ሰውመሆን የሚባል የሰብል ባለሙያ ወደ መፈልፈያ ቤታችን መጣ። ሆላንድ ሁለት ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ ጨዋ ልጅ ነው። የሩዙን ስብራት አይቶ ስልኩን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው። እዚያ ያለ ጓደኛው ጋ ሊደውል አስቦ ነበር፤ ባለፈው እሑድ ሰዓት ስለመለሱ ግን ጓደኛዬ ገና ሥራ ላይ ነው አለኝ። እንዲህ እንደ ዋዛ ነው ያለው። ማሽኑን አጠፋሁት። ድገመው አልኩት። ደገመው። በየዓመቱ ነው፣ በመጋቢት ይገፋሉ፣ በጥቅምት ይመልሳሉ፣ ሕፃን ያውቀዋል አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውመሆንን ክንዱን ይዤ ባጃጅ ላይ ጫንኩትና ወደ መሪጌታ ወሰድኩት።

መሪጌታ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ሰውመሆን እጅ ነሥቶ አስረዳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙት። ማነው የሚያዝ አሉ። መንግሥት ነው አላቸው። ለምን አሉ። ብርሃን ለመቆጠብ አላቸው። ብርሃን በዚህ ይቆጠባል ወይ አሉ። ይኸስ ለነሱም አልገባቸውም፣ በየዓመቱ ይከራከራሉ አለ። ከዚያ ባለፈው መጋቢት ስንት ቀን እንደነበር ጠየቁት። ሰውመሆን ስልኩ ላይ ፈልጎ መጋቢት 22፣ እሑድ ሌሊት አላቸው።

"መጻጉዕ" አሉ መሪጌታ።

መጻጉዕ የዚያ እሑድ ስሙ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋው ላይ ተኝቶ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ያጣ፣ እሱ ሲደርስ ሌላ እየቀደመው የቀረ የበሽተኛው ታሪክ የሚነበብበት። መሪጌታ በየዓመቱ ዜማውን እሳቸው ናቸው የሚመሩት። በዚያች እሑድም መርተዋል። ጣታቸውን አውጥተው ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ቆጠሩ፤ ከአምስት ሰዓት አንድ ቀነሱ። ሦስት ጊዜ ቆጠሩት፤ ሦስቱም ጊዜ እዚያው አረፈ። እሳቸው ባዶ እግራቸውን ቆመው ጸሎት ሲጀምሩ ቀጠሮው አልፎ ነበር።

እናቴ ከበሩ ላይ ሁና ሁሉንም ሰምታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቃል ስትመልስላቸው ሰምቼ አላውቅም።

"አንቱ ጥላ ሲለኩ ልጄ ጨለማ ላይ ቀረች" አለቻቸው።

ሰውመሆን አፍሮ መሬት መሬት ያያል፤ ምን ቤት እንዳፈረሰ ገና አላወቀም። ባጃጁ ድረስ ሸኘሁት።

ለሊድያ ነገርኳት። ሰው መስክሮልሻል፣ አባቴ አምነዋል አልኳት። እኔ ነግሬያቸው የለም ወይ አለች። ሌላ አልጨመረችም። እንዲደውሉላት ፈቃዷን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ለመንኳት። በመጨረሻ የነቢያት ጾም በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን አለች።

ያን ቀን መሪጌታ ከቅዳሴ ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ገና እህል አልቀመሱም። ቁጥሩን ደውዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ሊድያ። እኔ ነኝ፣ አዛናው።" መሪጌታ የሚለውን አልጨመሩም፤ አባትሽም አላሉም። "ያረፈድሽ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ ያስረፈድኩሽ። ዋሸሽ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አባቴ" አለች።

ቶሎ ነው ያለችው፣ መንገድ ላይ የገፋትን ሰው ምንም አይደል እንደምትል ዓይነት። እኔ ይህን ሰማሁ፤ እሳቸው ግን አልሰሙም ወይም መስማት አልፈለጉም። ፊታቸው እንደዚያ ማክሰኞ በራ። ጾሙን እንዴት እንደያዘችው ጠየቋት። እናትሽ እንደ ዱሮው ሲደወል ታሳውቅሽ፣ ሰዓቱን እንኳ ባትይዢው ደወሉን ብቻ ስሚ አሏት። ልመና ነበር። መሪጌታ አዛናው ሰው ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም።

ከሊድያ ኋላ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"እናቴ አትድከም" አለች። "እኔ አሁን ሲርበኝ ነው የምበላ፣ አባቴ።"

ያን የሩዝ ገበሬ በጉንጭ ውኃ ሁለት እሑድ ደጅ ያቆሙት ሰው ናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

"ብዪ" አሉ። "ብዪ፣ ልጄ።"

ስልኩ የት እንደሚዘጋ አያውቁም። ከእጃቸው ወስጄ ስመለከት እሷ ቀድማ ዘግታዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቁጥርም አይሠራም።